ስም አይነካም

መምህርቷ ስትቆጣ አትጮኽም። ድምጿ ይወርዳል፣ ቃላቷ ያጥራሉ፣ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ መወልወል ትጀምራለች። በሙያ ማሠልጠኛው ያሉ ተማሪዎቿ ያ መነጽር ከሚወልቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይመርጣሉ። የምታስተምረው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ከሌላ ሰው ኮድ ገልብጦ የራሱ አስመስሎ ያመጣ ተማሪ ካጋጠማት ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና «እስቲ ይቺን መስመር ለምን እንደጻፍካት አጫውተኝ» ትለዋለች። ላብ ያጠመቀው ያውቀዋል። መውሰዱን አይደለም የምትጠላው፤ በዚህ ሙያ ሁሉም ከሁሉም ይወስዳል፣ ያለዚያ ሥራው አይገፋም። የምትጠላው ከማን እንደወሰዱ መደበቅን ነው። «የተዋሳችሁትን ተውሼ ነው በሉ፤ ማን ይመታችኋል?» ትላቸዋለች።

ይህን አነጋገር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጫማውን ማሰር አያውቅም ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ባል ስታገባም ከሻንጣዋ ጋር አብሮ ገባ። የቤት ስሙ ሙሽራው ነው፤ ዳቦ ሊገዛ ሲላክ እንኳ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ፣ ፀጉሩን አርሶ አበጥሮ ነበር የሚወጣው። ዳቦ ሻጯ «ዛሬስ ማንን ልታገባ ነው?» ስትለው ስሙ በዚያው ጸና።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው፤ ከመጥበቡ የተነሣ ደንበኛው ጎንበስ ካላለ አንገቱን ማስገባት አይችልም። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ለጥፎ፣ ወረንጦውን ይዞ ሲያጎነብስ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። «አምስት ደቂቃ ብትዘገይ ምን አላት?» ያለው ደንበኛ ግን መከራውን ያያል፤ አምስት ደቂቃ ምን ምን እንደምታበላሽ እስኪዘረዝርለት ድረስ ሰዓቱን አይሰጠውም። ሚስቱም ወንድሟም በዚህ ይስቁበት ነበር። ሙሽራው «ጋሼ» ይለዋል፤ ሲፈራውም ሲወደውም ጋሼ ነው።

አንድ ወቅት መምህርቷ ለማሠልጠኛው የምዝገባ ፕሮግራም ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ለተማሪዎቹ የሌለ ቀን ቀጠረላቸው። እንዲህ ያለ ቀን በየትኛውም ወር የለም። እሷ ስትራገም ባሏ ወረንጦውን አስቀምጦ «ምን አደረገ ነው የምትዪው?» አላት። ነገረችው፤ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ተናደደ። ጊዜ የሚቆጥር ነገር ሲሳሳት ማየት ለሱ እንደ ስድብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ሁለቱ በሰዓት መጠገኛው ጠረጴዛ ግራና ቀኝ እየተቀመጡ ዓመት መቼ እንደሚረዝም፣ ወር መቼ እንደሚያጥር፣ ቀን ከቀን ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ሲጽፉና ሲጨቃጨቁ ከረሙ። እሱ ወረቀት ላይ ያሰላል፣ እሷ ወደ ኮድ ትመልሳለች። እያደር ኮዱን ማንበብ ለመደና እዚያም ገብቶ ይጨቀጭቃት ጀመር።

እንዲህ ተጨቃጭቀው የሠሩት ነገር ላይብረሪ ይባላል። ስሙ እንጂ መጽሐፍ የለበትም። አንዲት ሥራ ብቻ የሚሠራ፣ ሌላው ፕሮግራመር ወስዶ ከራሱ ሥራ ጋር የሚገጥመው ቁራጭ ነው፤ አናጢ በሩን ራሱ ሠርቶ ማጠፊያውን ከሱቅ እንደሚያመጣው ማለት ነው። የነሱ ማጠፊያ ቀን ይቆጥራል፣ አይሳሳትም።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ሰዓት ሠሪው ብሎኖቹን የሚያስቀምጥበት ባለ ክፍልፋይ ሳጥን አለው፤ የመጀመሪያዋን ክፍል ሁልጊዜ ባዶ ይተዋታል። «ከእጅ የምትዘል ብሎን መውደቂያ ትፈልጋለች» ይላል። የወራቱን ሠንጠረዥ ሲያወጣላትም የመጀመሪያውን ቦታ ባዶ ተወው። ኮምፒውተር ላይ ዘላ የምትወድቅ ብሎን እንደሌለች ብታስረዳው፣ ብትለምነው፣ ብትስቅበት አሻፈረኝ አለ። እሷም በመጨረሻ ተወችለት። ባዶዋ ቦታ ለሥራው አትጠቅምም፣ አትጎዳምም፤ ሠንጠረዡ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ላይብረሪውን ለዓለም በነጻ እንስጠው ስትለው ሰዓት ሠሪው ግራ ገባው። ለማያውቁት ሰው? በነጻ? መምህርቷ የኦፕን ሶርስን ነገር አስረዳችው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት እንደሚሆን፣ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ሊያርመውም እንደሚችል፣ ሰጪው ደግሞ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የሚናገር ፈቃድ አብሮ እንደሚያስቀምጥ ነገረችው። አገጩን ሲያሽ ቆይቶ «እንግዲያው እኔ የምለውን ጻፉ» አለ። ከታወቁት ፈቃዶች የሱን ሐሳብ የሚገልጸውን መረጠችለት፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲገባው በተራ ቋንቋ አንድ ማስታወሻ እንዲጻፍ ፈለገ። ጸሐፊው ሙሽራው ሆነ፤ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ጣቶቹ ከእህቱ ጣቶች እንደሚፈጥኑ ሊያሳይ ምክንያት ይፈልግ ነበር። ሰዓት ሠሪው እየተናገረ እሱ ጻፈ፦ «ውሰዱ፣ ተጠቀሙበት፣ ቀይሩት። ስማችንን ግን አትንኩ። ያገኛችሁትንም እንዳገኛችሁት አካፍሉ።»

ከሥሩ የባልና የሚስቱ ስም ሰፈረ። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ስክሪኑን አየና «የጸሐፊውስ ስም የታል?» አለ። ሙሽራው አፈረ፣ እምቢ አለ፣ ከዚያ ሦስተኛ አድርጎ ስሙን ጻፈ። ጽፎም አልተቀመጠ፤ ተነሥቶ መስታወት ፊት ሄዶ ፀጉሩን አስተካከለ። ስሙ የታተመ ሰው ሆኗላ።

መምህርቷ በማስታወሻው አናት ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ጨመረች። ሙሽራው ምን እንደሆነች ጠየቃት። ፕሮግራመሮች ሥራቸውን ለሰው ከመላካቸው በፊት ክብደቱ እንዲቀንስ ማሳነሻ በሚሉት መሣሪያ እንደሚያሳልፉት፣ ማሳነሻውም ለሰው ዓይን የተጻፈ ማስታወሻ ሁሉ እየለቀመ እንደሚጥል፣ ይህችን ምልክት ያየበትን ግን እንደማይነካ አስረዳችው። «ብልጥ ነሽ እታለም» አላት።

ሰዓት ሠሪው ከታመመ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሱቁን የስልክ ገመድ ሻጭ ተከራየው፤ በሩ ላይ የነበረውን ስም በቀለም አጠፋበት። መምህርቷ አላዘነችበትም፤ ነጋዴ ነው፣ የሞተ ሰው ስም ለጥፎ ገመድ አይሸጥም። ደግሞም ስሙ ያለበትን ሌላ ቦታ ታውቃለች። አንዳንዴ ሆዷ ሲባባ ኮምፒውተሯን ከፍታ ላይብረሪውን እነማን እንደተጠቀሙበት ትፈልጋለች። ባሕር ማዶ ያለ የመርከብ ድርጅት፣ የማታውቀው ከተማ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ፤ እነዚህ ሁሉ ከሥራቸው ግርጌ የባሏን ስም ይዘው ይዞራሉ። ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል። ከዚያች ጠባብ ሱቅ ብዙ ርቆ የማያውቅ ሰው ስሙ ይህን ያህል መንገድ መሄዱ ያጽናናት ነበር።

ሙሽራውም አድጎ የራሱን ሶፍትዌር ሠራ። ቀጠሮ ይባላል፤ ክሊኒኮች በሽተኞቻቸውን መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚቀጥሩበት ነው። እሱም ለሁሉም ክፍት ነበር፣ በዚያው በእህቱ ፈቃድ ዓይነት የተሰጠ። ውስጡ «የውሰት» የሚል ፎልደር አለ፣ ከሌሎች የወሰዳቸው ላይብረሪዎች ከነስማቸውና ከነፈቃዳቸው የተቀመጡበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የነሱ ቀን ቆጣሪ። መምህርቷ በየዓመቱ ተማሪዎቿን «የሰው ሥራ እንዴት እንደሚያዝ ላሳያችሁ» እያለች ያንን ፎልደር ታሳያቸዋለች። ወንድሜ ነው አትልም፤ ኩራቷ ግን ከፊቷ ላይ ይነበባል።

አንድ እሑድ ሙሽራው ኬክ ይዞ መጣ። ኬክ ይዞ የመጣ ወንድም ጉዳይ አለው።

«እታለም፣ ትልቅ ነገር መጥቷል» አላት ሳይቀመጥ። አንድ ኩባንያ ቀጠሮን ሊገዛው፣ እሱንም የክፍሉ ኃላፊ አድርጎ ሊቀጥረው ነው። ሁሉም አልቋል፤ የቀረው የኩባንያው ጠበቃ ነገር ነው። ጠበቃዋ በኮዱ ውስጥ ያሉትን የሰው ላይብረሪዎች ፈቃድ አንድ በአንድ አይታለች። «የሌሎቹ ችግር የለውም። ስማቸውን እስካኖርን ድረስ ኮዱን ለሌላ ሰው ዘግተን ብንሸጠው አይከፋቸውም። የናንተ ግን እንዳገኛችሁት አካፍሉ ይላል። እሱ ውስጡ እስካለ ድረስ ኩባንያው ሊዘጋው አይችልም።»

«አይችልም» አለች መምህርቷ፣ ኬኩን እየቆረጠች።

«ፈቃዱን ቀይሪልኝ።»

«የኔ ብቻ ነው እንዴ?»

«ጋሼ እኮ የለም። ወራሹ አንቺ ነሽ፤ ብትፈርሚ ያልቃል።»

«ሥራውን ወረስኩ እንጂ ሐሳቡን አልወረስኩም። ምን እንዳለ ታውቃለህ። አንተው ነህ የጻፍከው።»

ሙሽራው ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ቆየ። መምህርቷም አሳዘናት፤ ልጇ ነው። «ስማ፣ ቀን መቁጠር የኔ ርስት አይደለም» አለችው። «የኛን አውጣውና የራስህን ጻፍ። ሥራ ይፈጃል እንጂ ይቻላል። እኔ ብረዳህ ከኛው ኮድ ቀዳ ይሉሃል፤ አንተና ሠራተኞችህ ከባዶ ጀምሩት።»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እሺ በቃ፣ እንጽፋለን። ኬክሽን ብይ» አላት። ጉንጯን ስሟት ሄደ፤ እሷም የቀረውን ኬክ ጨረሰችው።

የሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ሲገቡ መምህርቷ እንደ ልማዷ አዲሱን የቀጠሮ እትም አወረደችና ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ አብርታ የውሰት ፎልደሩን ከፈተች። ቀን ቆጣሪው የለም። ደስ አላት። ጻፉት ማለት ነው። እንዴት እንደጻፉት ለማየት ጓጉታ «የራስ» የሚለውን ፎልደር ከፈተችና አዲሱን ፋይል አገኘችው። በማሳነሻ ያለፈ ነው፤ ቃላቱ ወደ አንዳንድ ፊደል አጥረዋል፣ መስመሩ ተደፍጥጧል። ሠንጠረዥ ግን ቢደፈጠጥም ሠንጠረዥ ነው። የወራቱ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ቦታ ባዶ ነበር።

መምህርቷ አየችው። ደግማ አየችው። በዓለም ላይ ቀን የሚቆጥር ኮድ የጻፈ ሰው ብዙ ነው፤ ለምትዘል ብሎን መውደቂያ የተወ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይሄኛውን ማን ጻፈው ይላል?»

ግድግዳው ላይ የሙሽራው ስም ብቻውን ተጽፎ ነበር። «የሱ ነው ይላል» አለች መምህርቷ። መነጽሯን አወለቀች። ተማሪዎቹ ከመካከላቸው ማን እንዳጠፋ ለማወቅ እርስ በርስ ተያዩ።

ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቢሮ ሄደች። ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ሠራተኞቹ ይሠራሉ፣ በሌላው እሱ። አዲስ ወንበር ገዝቷል፤ ላስቲኩ ገና አልተገፈፈም። በሩን ዘግታ ያየችውን ነገረችው። ሙሽራው ክው አለ፣ ከዚያ ግንባሩን መታ።

«ማሳነሻው ነው! እታለም ሙች፣ ማሳነሻው ነው። ማስታወሻ ሁሉ ይጥላል አይደል? ልጆቹ ደግሞ ፎልደር ሲያስተካክሉ ስም የሌለውን የኛ መስሏቸው አዛውረውት ይሆናል። እኔ ጻፉ ብያቸው ነበር፤ የጻፉት መስሎኝ ነው። በዚህ ሳምንት አስተካክለዋለሁ።»

ትከሻዋን አቅፎ እስከ ደረጃው ሸኛት። እሷም ደረጃውን ስትወርድ ቀልሏት ነበር። ይህች ሴት ለተማሪ ላብ የማትራራ ሴት ናት፤ ይህን ሰበብ ሌላ ሰው ቢነግራት ወንበር ስባ ትቀመጥ ነበር። ሰው ማመን የሚፈልገውን ሲያምን ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ያሳደገችው ልጅ ሙች ብሎ ምሎላታል።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነው ያቺ ትንሽ ምልክት ትዝ ያለቻት። ቤቷ ደርሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰዓት መጠገኛው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠችና የራሷን ቅጂ ወንድሟ በሚጠቀምበት ማሳነሻ አሳለፈችው። ኮዱ ተጨመቀ፣ ማስታወሻዎቹ ሁሉ ወደቁ፤ አናት ላይ ያለው ግን ሦስት ስሞቹን ይዞ እንደነበረ ቆሟል። ደግማ ሞከረችው፣ ያው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ምስኪን ማሳነሻ የሠራው ጥፋት የለም። ስሞቹን ያጠፋ የሰው እጅ ነው፤ መጀመሪያ ምልክቷን ያነሣ፣ ምልክቷ ለምን እንደተቀመጠች የሚያውቅ እጅ። መምህርቷ ለማንም ያስረዳችው ነገር አልነበረም፣ ለአንድ ጎረምሳ ካልሆነ በቀር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ኖራለች። ሲጥል ግን እንዴት እንደሚያም ተረቱ አይናገርም። ሙሽራው ስሙን የሰረዘበት ሰው ቁርስ ያበላው፣ ትምህርት ቤት ያደረሰው፣ የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን የገዛለት ሰው ነው። አለቀሰች። ለባሏ ቀብር ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች፤ ያኔ ቢያንስ የሚያጽናናት ወንድም ነበራት።

ሙሽራው እንዳለው በዚያው ሳምንት መጣ። ኬክ የለም፣ ወረቀት አለ። ፊቱ ግን የበዓል ልጅ ፊት ነው።

«መለስኩት» አላት። «ክፈቺና እዪው።»

ከፈተችው። ቀን ቆጣሪው ወደ የውሰት ፎልደር ተመልሷል። ከማስታወሻው ሥር ስም አለ፤ የሷ ስም። ብቻውን። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ተመለሰች። ሰዓት ሠሪው የለም።

«የሱስ?» አለች።

«እሱን ነው የማጫውትሽ። የሞተ ሰው ስም ካለበት ጠበቃዋ የውርስ ማስረጃ፣ የምን ማስረጃ እያለች ዓመት ታጓትተዋለች። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አንድ ፊርማ ነው። ኮዱን እኮ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እታለም። ጋሼ ወረቀት ላይ ነው ያሰላው። ዕድሜሽን ሙሉ አስተማርሽ፣ ማን አወቀሽ? አሁን ያንቺ ሥራ ነው ተብሎ ይታወቅ።»

ወረቀቱን አዞረላት። «ይህን ሥራ ብቻዬን የሠራሁት ስለሆነ» ብሎ ይጀምራል፤ ከታች ፈቃዱን እንድትለውጥ ይጠይቃል። የምትፈርምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል።

የመጀመሪያውን በደል ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ስስት ነው ብላ ታልፈው ነበር። ይሄኛው ግን የባሏን ስም በገዛ እጇ እንድታጠፋ ነው የሚጠይቃት፤ ያውም ስጦታ ነው ብሎ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልወለወለችውም።

«ይሄ ጠረጴዛ የማን ነው?» አለችው በዝግታ።

«እታለም፣ አሁን ምን…»

«የማን ነው?»

«የጋሼ።»

«ወንበሩስ? የተቀመጥክበት?»

ሙሽራው ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቁነጠነጠ።

«እሱን በሽታ አንዴ ገድሎታል» አለች መምህርቷ። «አንተ ሁለት ጊዜ ገደልከው። ሁለተኛውን ደግሞ እኔ እንድጨርስልህ ቢላዋውን አምጥተህልኛል።»

ሙሽራው ተነሣ፤ እሱም በተራው ተቆጣ። «ለሞተ ሰው ስትዪ በቁሙ ያለ ወንድምሽን ልትቀብሪ ነው? ማስታወሻ እኮ ነው! ማን ያነበዋል?»

«ማንም የማያነበው ከሆነ ለምን ሰረዝከው?»

ወረቀቱን ጥሎ ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፤ ከልጅነቱ ጀምራ በር እንዳይወረውር ያስለመደችው እሷ ናት።

በማግስቱ ቀጠሮ በኢንተርኔት በሚቀመጥበት ገጽ ላይ፣ ማንም ሰው ጥያቄ በሚያነሣበት ቦታ መምህርቷ ጥቂት መስመር ጻፈች። ወንድሜ ነው አላለችም፣ አልተሳደበችም። ቀን ቆጣሪው ሦስት ሰዎች ስማቸውን ያኖሩበት ሥራ መሆኑን፣ ስሞቹ መሰረዛቸውን፣ ዋናው ቅጂ የት እንደሚገኝ ጻፈችና ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ስሞቹ ይመለሱ፤ ይህ ላይብረሪ ውስጡ እስካለ ቀጠሮ አይዘጋ። ከሥሩ የማታውቃቸው ሰዎች ሁለቱን ቅጂ እያስተያዩ መጻፍ ጀመሩ። ባዶዋን ቦታ ያልጠቀሰ የለም።

ከኩባንያው የደወለችው ጠበቃዋ ነበረች። ቁጥብ ሴት ናት። «ወንድምዎ ይህን ክፍል ራሳችን ጻፍነው ብለው ፈርመውልናል» አለቻት። «ስሞቹ መነካት እንደሌለባቸው ሳያውቁ ቀርተው ይሆን?»

መምህርቷ አላወቀም ብትላት ወንድሟ ይድናል። ሞኝ ነው፣ ልጅ ነው፣ ሠራተኞቹ ናቸው ቢባል ይበቃ ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ዋናውን ቅጂ ይክፈቱት» አለቻት በመጨረሻ። «ሦስተኛውን ስም ያንብቡ።»

የጠበቃዋ ኮምፒውተር ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። ከዚያ «አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የኩባንያው ነገር ቀረ። ሙሽራው ስሞቹን መለሰ፤ ሰው እያየው ምን ያድርግ። ለእህቱ ግን ስልክ ማንሣት ተወ። በፋንታው አክስታቸው ደወሉ። «ዘመድ እርስ በርስ ይሸፋፈናል እንጂ አደባባይ ላይ ይገላለጣል?» አሉ። «ምኑ ነው የጠፋው? ስም ነው?»

«አዎ፣ ስም ነው» አለች መምህርቷ።

«በስም ወንድም ይገፋል?»

«እኔ አልገፋሁትም፣ አክስቴ። እሱ ራሱ ከሄደበት ቦታ ነው ያየሁት።»

አክስትየው አልገባቸውም፤ መምህርቷም አላስረዳችም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እንደ ሙሽራው ያለ ነው፤ ለሰው ሁሉ ለስልሶ ለሚያውቁት የሚወጋ። ማሠልጠኛው ውስጥ የውሰት ፎልደሩን ማሳየት ተወች፤ ሌላ ምሳሌ ፈለገች። ዋናውን ፋይል ከፍታ ጠቋሚውን ሦስተኛው ስም ላይ ያሳረፈችበት ቀንም ነበር። አንዲት ቁልፍ ብትጫን አለቀ። እጇን ግን መለሰች። ይቅር ስላለችው አይደለም፤ አላለችውም።

ብዙ ቆይቶ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ስልኳ ጠራ።

«እታለም።»

ድምፁን ስትሰማ ሰዓት መጠገኛው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው አለች በልቧ፤ ምን እንደምትመልስለት እንኳ አዘጋጅታ ነበር።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«አለሁ። እታለም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። እምቢ አትበይኝ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥራ የምጠይቅበት ቦታ ሁሉ ያን ፋይል ይከፍተዋል። አላወቅኩም ነበር እንዳልል ስሜ እዚያው ተጽፏል። እንደው… ስሜን አውጪልኝ። እኔ እኮ ምን ሠራሁ? ማስታወሻ ጻፍኩ እንጂ። ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር የለኝም። ብታወጪው ማንም አይጎዳም።»

መምህርቷ ያዘጋጀችው መልስ ለይቅርታ ነበር። ከፊት ለፊቷ የብሎን ሳጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያዋ ክፍል እንደ ወትሮው ባዶ ናት።

«አልችልም» አለችው።

«ፋይሉ እኮ ያንቺ ነው። ማን ይከለክልሻል?»

«ማስታወሻው ምን ይላል?»

ሙሽራው አንድ ነገር አጉተመተመ። 

«ጮክ ብለህ በለው» አለችው። «ጋሼ ሲናገር አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

«ስማችንን…» አለ ሙሽራው፤ የቀረውን አልጨረሰውም።

«አትንኩ ያለው እኔንም ይጨምራል» አለች መምህርቷ፣ ስልኩንም ዘጋች።